ድስቱ ለስንት ነው?

ልጅ ሳለሁ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ዳገቱ ላይ በነበረው ቤታችን፣ ከበዓሉ ይልቅ የበዓሉን ማግስት እወድ ነበር። በበዓሉ ቀን ሥጋው የትልልቆቹ ነው፤ እኛ ልጆች በሰው እግር መሃል እየተሽሎከለክን የሚደርሰን ከደረሰን በኋላ «ውጡ፣ ተጫወቱ» ተብለን እንባረራለን። በማግስቱ ግን አጥንቱ ይቀራል፤ አጥንቱ ደግሞ የአያቴ ነበር። እናቴ ሥጋው ተግጦ ያለቀውን ቅልጥም በገመድ አስራ ከምድጃው በላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ትሰቅለዋለች። እዚያ ጭስ እየጠጣ ይከርማል፣ ይጠቁራል፤ ምሽት ላይ የኩራዙ ነበልባል ሲርገበገብ ጥላው ግድግዳው ላይ ይረዝምና ያጥራል። ያንን ጥላ እፈራው ነበር፤ ዓይኔን ግን ከሱ ላይ አልነቅልም።

አያቴን መንደሩ አያ ሰይድ ይላቸዋል። በጉልምስናቸው በቅሎ እየነዱ በባቲ መንገድ ጨው የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ሳውቃቸው ግን በቅሎዎቻቸውም ጥርሶቻቸውም አልቀው የአጥንት መረቅና ጨዋታ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። መረቁን ሌላ ሰው እንዲሠራላቸው አይፈቅዱም። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል ብሎ የሚያሾፍባቸው ሲገኝ «ባቲ መንገድ ላይ ማን ሲያበስልልኝ ኖሯል?» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አባቴ እኔ ሳላውቀው የሞተ ስለሆነ በቤቱ የነበርነው እሳቸው፣ እናቴና እኔ ነን፤ እናቴም ነገሩን ስለለመደችው፣ እሳቸው ወደ ምድጃው ሲጠጉ እሷ ሻሿን አጥብቃ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ያ መረቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መጀመሪያ አጥንቱን ጥላሸቱ እስኪለቅ በሞቀ ውሃ ያሹታል፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድመው በመጥረቢያው ጀርባ ይመቱታል። መሰንጠቅ እንጂ መድቀቅ የለበትም፤ ከደቀቀ ስብርባሪው ጉሮሮ ይወጋል። በቀዝቃዛ ውሃ ይጥዱታል፤ የሚነሳውን አረፋ በጭልፋ እየገፈፉ ይደፋሉ፤ አረፋው ሲያልቅ የባቄላ ክክና የተሸረከተ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ እኔ ከዳገቱ የለቀምኩላቸውን ጦስኝ ይጨምራሉ። በመጨረሻ የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ ይመርጉና ድስቱን ከነበልባሉ አውርደው በኩበት ፍም ይከቡታል። «በሉ፣ አሁን ይተኛ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ድስቱ አይንተከተክም፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ብቻ እንደተኛ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።

የመንደሩ ልጆች የሚሰበሰቡት ያኔ ነው። ከሁላችን ትልቁ ይማም ነበር፤ እናቱ ስለሞተችበት ከራሱ ቤት ይልቅ የኛን ምድጃ ያዘወትራል፤ ጢም ማብቀል ከጀመረ በኋላ እንኳ ከበሩ በስተግራ ካለችው ዝቅተኛ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ተረት መስማቱን አልተወም። አያቴ ተረት ሊጀምሩ ሲሉ እንደሌላው ሰው ተቀበሉኝ አይሉም። «እስቲ ፍሙን ግፉልኝ» ይላሉ። ፍሙ ሲገፋ ዝም እንላለን።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን በጣም እፈራው ነበር። በክፉ ዘመን አንድ ጅብ ሰው ሆኖ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ወደ አንድ ቤት ይመጣል። አመጣጡ የሸጋ ሰው ነው፤ አሰላሙ አለይኩም ይላል፤ የከብቱን፣ የማሳውን፣ የልጁን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ምድጃው ሥር ይቀመጣል። ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድስቱ ለስንት ነው?» የቤቱ ሰው የዋህ ስለሆነ ለአምስት ነው ይለዋል። ጅቡ በእሳቱ ዙሪያ ያሉትን በዓይኑ ይቆጥራል፤ አራት ናቸው። እንግዲያው አምስተኛው ሌላ ቦታ ተኝቷል፤ ብቻውን ነው። ጅቡ መርቆ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ግን ወደ መንገዱ አይሄድም፤ በቤቱ ጀርባ ይዞራል።

እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይሄድና በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቤት ይደርሳል፤ ሽማግሌው የሚወደው ሰው ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። ይቀመጣል። «ድስቱ ለስንት ነው?» ይላል። አያቴ እዚህ ላይ ያቆማሉ።

«ምን ብሎ መለሰለት?» እንላለን።

«እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?»

ያን ጊዜ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ፣ እንዲፈራ ለመቶ ሰው ነው እለዋለሁ ይላል። እኔ፣ ድስቱ ባዶ ነው እለዋለሁ አልኩ፤ ሽታው አያጋልጥሽም ወይ ብለው ሳቁብኝ። ይማም እንዲህ አለ፤ «ላንተ ነው ብዬ ድስቱን እሰጠዋለሁ። ከጠገበ ይሄዳል።»

አያቴ ትኩር ብለው አዩት። «ድስቱን ሲጨርስስ?» አሉት።

ይማም ጎንበስ ብሎ ፍሙን ገፋ። የተረቱን መጨረሻ አንድም ቀን አልነገሩንም፤ አጥንቱ ሲበስል እነግራችኋለሁ ይላሉ፤ አጥንቱ ሲበስል ግን እኛ እንቅልፍ ወስዶናል። እያወቁ ነበር እንዲህ የሚያደርጉት፤ እኔም ያኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ቀረበ። ያኔ በራዲዮ አዋጅ በአዋጅ ላይ ይነበብ ነበር። ቅይጥ ኢኮኖሚ መጥቷል፣ ነጋዴ እንደ ልቡ ይነግዳል፣ ገበሬ እህሉን ወደፈለገበት ገበያ ይወስዳል ተባለ። ሜዳ ላይ በግድ የተሰበሰበው መንደር በአንድ ሰሞን ፈረሰ፤ ሰው የቤቱን ጣሪያ ተሸክሞ ወደ ድሮ ቀየው ተመለሰ። አያቴ ራዲዮኑን ሰምተው ሲያበቁ «በቅሎዎቼ ካለቁ በኋላ መንገዱን ከፈቱልኝ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም፤ ከውጫሌ ወዲያ የመድፍ ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበርና። የአምባሰል ገደል ድምፁን እየተቀባበለ ወደኛ ያመጣዋል፤ ቤታችን የተሰቀለው አጥንት በገመዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዝምታው ነበር። ጅቦቹ ጠፉ። ሁልጊዜ ከጨለመ በኋላ ከሐይቁ ዳር ሲያላዝኑ የምንሰማቸው ጅቦች ድምፃቸው ጠፋ፤ እናቴ የት ሄዱ ብላ ስትጠይቅ አያቴ ወደ ሰሜን አዩና «የሚበሉት አግኝተው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ጅብ አላነሳም።

ያን ጊዜ ወጣት ይታፈስ ነበር። ከየቀበሌው ይህን ያህል ሰው ይዋጣል ይባልና ከገበያ፣ ከመስጊድ ደጅ፣ ከሰርግ ቤት ሳይቀር እየለቀሙ ይወስዳሉ። በኛ ቀበሌ ለቀማውን የሚመራው ይማም ሆነ። አብዮት ጠባቂ አድርገው ጠመንጃ ሰጥተውት ነበር። ክፉ ልጅ ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ ከሚፈለገው ሰው ከጎደለ ጎዶሎውን የሚሞላው እሱ ራሱ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። መንገድ ላይ ሲያየኝ እንደ ድሮው «ፋጤ» ይለኛል፤ እኔ ግን ጠመንጃውን ሳይ መንገድ እለውጣለሁ።

ከኛ ቤት በላይ እትዬ ብርቄ ትኖር ነበር። ክርስቲያን ናት፤ ከእናቴ ጋር አንድ ቅሬ ውስጥ ናቸው፤ በአንዷ ቤት ሰው ሲሞት ሌላዋ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። ባሏ የለም። የመጀመሪያ ልጇን ወደ ሰሜን ወስደውት መርዶ እንኳ አልመጣላትም፤ የቀራት ደሳለኝ ብቻ ነበር። ያንን ልጅ ሐይቅ ገበያ ላይ ሊይዙት ሲሉ አምልጦ ገደል ለገደል ሲሮጥ እግሩን ሰበረ ባይባልም ክፉኛ አጎዳው፤ ከአርዲቦ ዳር ደንገሉ ውስጥ ተኝቶ ከከረመ በኋላ ወባ ይዞት፣ አፉ ደርቆ፣ አንድ ምሽት በጓሯችን በኩል እየተሳበ መጣ። እናቱ ቤት መሄድ አይችልም፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። የክርስቲያን ዘመዶቿንም ቤቶች አንድ በአንድ በርብረዋቸዋል። እኛ ቤት ግን ማን ይፈልገዋል? አያቴ ከጎተራው ጀርባ፣ በጎተራውና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ቁርበት አንጥፈው አስተኙት፤ ፊት ለፊቷን በአሮጌ ሰሌንና በማረሻ ዕቃ ጋረዷት።

ልጁ ከሰውነት ወጥቶ ነበር። አያቴ ክንዱን ይዘው ቆዳውን ቆንጠጥ አደረጉና «ይሄ አጥንት ነው የሚያሻው» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የመጣው። በኛ አገር ክርስቲያንና እስላም በአንድ ሰርግ ይጨፍራሉ፣ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ድስት ይለያል። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይነካም። በዚህ የሚቀየም የለም፤ እንግዳውን የሚያከብር ቤት ለእንግዳው ለብቻ ያሳርድለታል፣ ለብቻ ድስት ይጥድለታል። በቤታችን የተሰቀለው ደግሞ የኢድ አጥንት ነው።

«ታሟል እኮ፣» አለች እናቴ። «ከኛው ይጠጣ። ራሱንም አያውቅ።»

«ራሱን ባያውቅስ?» አያቴ ተቆጡ። «ልጁ ተኝቶ እምነቱን ልስረቀው? አስተፍሩላህ! ሂጂ፣ እናቱን ከነሱ ቤት አጥንት እንድታመጣ ንገሪያት።»

ያ ዓመት ፋሲካና ኢድ የተቀራረቡበት ነበር። እትዬ ብርቄ ከፋሲካው በሬ የተረፈ፣ ጭስ ላይ የከረመ ቅልጥም በነጠላዋ ሸሽጋ አመጣች፤ የኛ ድስት የኛን ሥጋ ስለነካ የራሷን ድስትና የራሷን ጭልፋም ጨምራ አመጣች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም ስለሌለ ልጇ በየቀኑ ሊጠጣ ይችላል። ከጎተራው ጀርባ ገብታ ግንባሩን ነካችና ወጣች፤ ማልቀስ ፈርታ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። «አብሽሪ፣» አሏት አያቴ። «በእግሩ ይሄዳል፣ ኢንሻላህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምድጃችን ላይ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ይተኛ ጀመር። አያቴ ሁለቱንም ያበስሉ ነበር፤ የአንዱ ጭልፋ በአንድ ድንጋይ ላይ፣ የሌላው በሌላ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከክርስቲያኑ ድስት እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ይታጠባሉ። ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ላይ ንቀት አልነበረም፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው የሚይዟቸው። ጨውን ግን መቅመስ አይችሉም። ስለዚህ በጭልፋ ጥቂት ቀድተው ከጎተራው ጀርባ ያቀብሉና «ጨዉ እንዴት ነው?» ይላሉ በሹክሹክታ። «በቂ ነው፣ አያ ሰይድ» የሚል ደካማ ድምፅ ይመጣል። ሁልጊዜ በቂ ነው።

የልጁ ዓይን እየበራ መጣ። ግድግዳ ይዞ መቆም ቻለ። መድፉም በየቀኑ ይቀርብ ነበር። አያቴ በድሮው የጨው መንገድ ወደ ባቲ ቆላ፣ አንድ የንግድ ወዳጃቸው ቤት ሊሰዱት ወሰኑ፤ ቀኑም ተቆረጠ። በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ መጡብን።

ውሻችን አልጮኸም። ይማምን ያውቀዋል። በሩ ጨለም ሲል ቀና አልኩ፤ ይማም ነው፤ ከኋላው ሁለት ወታደሮች ነበሩ፤ አነጋገራቸው የኛ አገር አልነበረም። «አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ሰይድ» አለ። የአያቴን ጤና ጠየቀ፤ የላማችንን፣ የማሳውን ጠየቀ። እንደ ድሮው የሚጠይቅ መሰለኝና ደስ ሊለኝ ሲል፣ የለበሰው ጋቢ ንጣት ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ወደ እናቴ ተጠጋሁ።

ወታደሮቹ ፍተሻ ጀመሩ። ቆጡ ላይ ወጡ፣ የገለባውን ክምር በሳንጃ ወጉ፣ የእናቴን ሳጥን ገለበጡ። አንዱ ጎተራውን በሰደፍ መታው፤ እህሉ የሌለበት ወገን ባዶ ድምፅ ሰጠ። እናቴ በሁለት እጇ የያዘችውን ሰፌድ አላስቀመጠችም፤ በውስጡ ያለው ምስር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ይማም አይፈትሽም። በዚያች በልጅነቱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ምድጃውን ያያል።

ሁለት ድስት። ሁለት ጭልፋ፣ በሁለት ድንጋይ ላይ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ምንም አያይም ነበር፤ የወሎ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ምድጃ ሲያይ፣ በቤቱ ውስጥ የሌላ እምነት እንግዳ እንዳለ ከተናገሩት በላይ ይገባዋል። እኛ ለእንግዳችን እምነት ስንጠነቀቅ እንግዳችንን ምድጃው ላይ ጽፈነው ነበር።

«ድስቱ ለስንት ነው፣ አያ ሰይድ?» አለ ይማም።

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። የድሮውን ቃል ሆን ብሎ እንዳመጣው ከዓይኑ አየሁ። አያቴም አዩ።

«ለኔ ነው፣» አሉ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ሽማግሌ ሌላ ምን ይበላል?»

ጎተራውን የመታው ወታደር ዘወር አለ። «ምንድን ነው?» አለ። ይማም ዓይኑን ከአያቴ ሳያነሳ «እስላም ቤት ሁለት ድስት አጥንት ተጥዷል። ለማን እንደሆነ እየጠየቅሁ ነው» አለው። ከዚያ፣ የኛን ድስት ከልጅነቱ ስለሚያውቀው፣ ወደ እትዬ ብርቄ ድስት በአገጩ አመለከተ። «የአንቱ ከሆነ ይጠጡዋ። ከዚህኛው።»

 ከጎተራው ጀርባ የሰው ትንፋሽ ይሰማ እንደሁ ብዬ የራሴን ትንፋሽ ያዝኩ። የሚሰማው ድስቶቹ ብቻ ነበሩ።

አያቴ ጎንበስ ብለው ሊጡን በጣታቸው ሰበሩት። ክዳኑ ሲነሳ የወጣው እንፋሎት ፊታቸውን ሸፈነው፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ የጦስኝና የቅልጥም ሽታ ቤቱን ሞላው። በእትዬ ብርቄ ጭልፋ ጣባ ሙሉ ቀዱ። ጣባውን በሁለት እጃቸው አነሱና አፋቸውን ከፈቱ። ቢስሚላህ ሊሉ ነው። አያቴ ጉንጭ ውሃ እንኳ ያለ ቢስሚላህ ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም። አፋቸው ተከፍቶ ቆየ። ድምፅ አልወጣም። በዚህ ላይ የአላህን ስም ማንሳት አልደፈሩም።

ሳይሉት ጠጡ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አያቴ ጣባውን አወረዱ፤ ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ለአፍታ ያሰቡ መሰሉና በገዛ ቤቱ እንደሚያማርር ሽማግሌ ሁሉ «ጨው አንሶታል» አሉ። ደግመው ቀዱ። ያንንም ጠጡ። ቅልጥሙን አውጥተው መዳፋቸው ላይ መታ መታ አደረጉና መቅኑን መጠጡት። ወታደሮቹ ሳቁ። «ሽማግሌው ሆዳም ነው!» አለ አንዱ።

ይማም አልሳቀም። ወታደሮቹ ሽማግሌ ሾርባ ሲጠጣ ነው ያዩት፤ እሱ ግን ያችን ያልተባለችውን ቢስሚላህ ሰምቷታል። አሁን ጥርጣሬ አልነበረበትም፤ ልጁ እዚህ ቤት እንዳለ እንደ ስሙ አውቋል። ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ ጠመንጃው ላይ ሲጠብቅ አየሁና አለቀልን አልኩ።

ተነሳ። «የሱው ነው፣» አላቸው። «ድሮም እንዲህ ነበር። እንሂድ።»

ሲወጡ ወደ ግድግዳው ሮጬ ጭቃው በተፈረፈረበት ቀዳዳ ዓይኔን ለጠፍኩ። በቤቱ ጀርባ ይዞር እንደሆነ ነበር የማየው። አልዞረም። ራሱን አቀርቅሮ ወታደሮቹን እየመራ ቁልቁል ወደ ሐይቁ መንገድ ወረደ፤ ጋቢው ከቁጥቋጦው ኋላ እስኪጠፋ ድረስ ከቀዳዳው አልተነሳሁም።

አያቴ ጓሮ ወጥተው ነበር። ውሃ ይዤላቸው ሄድኩ። ተጉመጠመጡ፣ ተፉ፤ ደግመው ተጉመጠመጡ። ውሃው አልቆ ሌላ አመጣሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። 

«ለኔ ነው አለው፣ ፋጤ፣» አሉኝ። «ሰውየው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጠጣት ነበረበታ።»

የተረቱ መጨረሻ ያ ነበር። ደሳለኝ ያንኑ ዕለት፣ ፀሐይ ከአምባሰል ጀርባ እንደገባች፣ በአያቴ ምርኩዝ እየተደገፈ በጨው መንገዱ ወረደ። ይማምን ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጣነው። ከቀበሌው የሚፈለገው ሰው ጎድሎ ነበር፤ ጎዶሎውን እሱ ሞላው። ወደ ሰሜን ሲወስዷቸው ከመኪናው ላይ ሆኖ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ሲያይ ነበር ብለው ነገሩን። አልተመለሰም። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል አሁን ልጠላው ብሞክር አልችልም። አያቴም በየሶላታቸው ማብቂያ ዱዓ ሲያደርጉ ስሙን ሲጠሩ እሰማ ነበር።

የአጥንት መረቅ ግን ከዚያ በኋላ በቤታችን አልተጣደም። በዓል ይመጣል፣ እናቴ ቅልጥሙን ትሰቅላለች፣ ይጠቁራል፤ አያቴ ቀና ብለው አያዩትም፤ ኋላ ለውሻ ይጣላል። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ የገብስ አጥሚት ነበር የሚጠጡት። ሶላታቸው ረዘመ። ሱጁድ ሲወርዱ ቶሎ አይነሱም፤ አንዳንዴ የሞቱ መስሎኝ እደነግጥ ነበር። እናቴ አንድ ቀን «አባባ፣ አላህ እኮ አይቷል» ስትላቸው «እሱን ነው የፈራሁት» አሏት። 

መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። ደሳለኝ ከቆላ መጥቶ ቀብር ላይ ዶማ ከሰው እጅ እየቀማ ቆፈረ። ከቀብር በኋላ ከቅሬው ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ነገረኝ። ያን ቀን ከጎተራው ጀርባ ሆኖ፣ አያቴ ሲጠጡ የጉሮሯቸውን ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ልወጣና እጄን ልስጥ ብሎ ሰሌኑን ይዞ ነበር። ጨው አንሶታል ሲሉ ግን ሳቁ መጣበት፤ አፉን በሁለት እጁ አፈነ፤ ሳቁ እዚያው እጁ ውስጥ ለቅሶ ሆነበት። «እውነት ነበር እኮ፣ ፋጤ፣» አለኝ። «ጨዉ ሁልጊዜ ያንስ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነው በቂ ነው የምላቸው።»

እኔ ካደግሁና ደሴ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ኪታብ ጠንቅቀው የተማሩ አንድ ሼህ አገኘሁና ነገሩን ስም ሳልጠራ ጠየቅኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ የመጽሐፍ ሰዎች ያረዱትን የሚፈቅዱ ዑለማዎች እንዳሉ፣ የኛ አገር ልማድ እንደሚለይ፣ ነፍስ ለማዳን ሲሆን ደግሞ ጥያቄም እንደሌለበት አስረዱኝ። «ሰውየው ምንም ወንጀል የለበት፣» አሉ። «እንዲያውም አጅር፣ ምንዳ አለው። ንገሪው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ንገሪው ያሉኝ ሰው የሉም፤ በሕይወት ሳሉም ይህን የነገራቸው አልነበረም። ያኔ፣ በዚያ ረፋድ፣ በዚያ ጭስ ውስጥ አያቴ ያንን ጣባ ያነሱት ጀሃነም ያስገባኛል ብለው ነበር፤ ለሰው ልጅ ሲሉ አነሱት፣ ደግመው ቀዱ፣ ቅልጥሙንም መጠጡት።